ሳሬ በመካከላችን

ሁለተኛ ባሌን ያገባሁት የልጅ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው። ይህን ስል የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት የትልቁ ልጄ ሕፃን እንቅልፍ እምቢ ብሏት፣ አዝያት ጥግ ቆሜ ነበር። ልጄ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ያሻል። ለእኅቶቹ ሽማግሌ ተቀብሎ ያውቃል፤ ለእናቱ እቀበላለሁ ብሎ ግን መቼ አስቦ!

"እንግዲህ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሌላው ሰው ጥጃ ሊጠይቅ ይመጣል። እኛ የመጣነው ላሟን ልንጠይቅ ነው።"

ልጄ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ "እናታችን እኮ አያት ናት" አለ።

"የእኛም ሰው አያት ነው። ታዲያ ለጎረምሳ ልንድራት መስሎሃል?"

ይህን ጊዜ ሕፃኗ ከጀርባዬ ላይ አስነጠሰች።

"ይኸው" አሉ ሽማግሌው፣ "የሙሽሪት ወገን ፈቅዷል!"

ልጄ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት አቃተው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ከዚያ በፊት ዟሪ ነበርኩ። ሦስት ልጆች አሉኝ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ኋላ የቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ ዳር አወጣቸው። ወንዱ ሰበታ፣ መካከለኛዋ ቡራዩ፣ ትንሿ ሱሉልታ። እኔ ጓዜን በአንድ ጥቅል ቋጥሬ በሦስቱ መሀል ስመላለስ ኖርኩ። አንዷ ስትወልድ እዚያ፣ የሌላው ሠራተኛ ጥላ ስትሄድ እዚህ። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ለምደውኝ፣ "ማዘር፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ልጅ ተረኛ ነው?" ይሉኝ ነበር። ልጆቼ ደጎች ናቸው፤ መኝታ አጥቼ አላውቅም። ብቻ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ስገባ፣ ነጠላዬን የት እንደምሰቅል እጠይቃለሁ። የሆነ በር ጀርባ፣ የሆነ ወንበር ላይ። ሰው ነጠላውን የሚሰቅልበትን እየጠየቀ የሚኖር ከሆነ እንግዳ ነው፤ የገዛ ልጁ ቤትም ቢሆን።

ባለቤቴን ያወቅሁት በወተት ነው። ሰበታ ልጄ ቤት ሳለሁ ለሕፃኗ ወተት የምገዛው ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱን ለቆ ወንዟን ተሻግሮ ካለ አንድ ገበሬ ነበር። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ርቀዋል፤ ከሁለት ላሞችና ከአንድ ውሻ ጋር ቀርቷል። ውሻው ቡላ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ፊቱ ሁልጊዜ የተቆጣ ሰው ፊት የሚመስል ነበር። ስም አላወጣለትም። "ሳሬ" ይለዋል፤ በኦሮምኛ ውሻ ማለት ነው።

"ውሻን ውሻ ብሎ መጥራት ስም ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣

"ሌላ ውሻ የለኝ። ማን ይሳሳታል?" አለኝ።

ዓይናፋር ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለሰው ሳወራ ግን ይኸው እሱ እያልኩ ነው፣ ይቅር ይለኛል። ለእኔ የሚለውን ነገር ለውሻው ነበር የሚናገረው። "ሳሬ፣ ለሴትዮዋ መንገድ ልቀቅ" ብሎ ይጀምራል። ሲሰነብት፣ "ሳሬ፣ በዚህ ብርድ በነጠላ ብቻ ይወጣል ወይ?" አለ። እኔም ወደ ውሻው ዞሬ፣ "ሳሬ፣ ጋቢዬ ቡራዩ ነው ያለው በላቸው" አልኩት። በነጋታው የወተቱ ጣሳ አጠገብ የታጠፈ ጋቢ አገኘሁ። "የማን ነው?" አላልኩም፤ ማንን ልጠይቅ? ሳሬን?

እንዲህ እንዲህ ስንል ከረምን፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። በኋላ፣ "ለምን እኔን ሳይጠይቁ ልጄን አስጠየቁ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ሳሬን ጠይቄ ነበር፤ ዝም አለ" አለኝ። ስንጋባ ያሰብነው ለመጧጧር ነበር። እኔ አንድ ነገር ብሆን ውሃ የሚያቀብለኝ፣ እሱ አንድ ነገር ቢሆን ሰው የምጠራለት። እንዲያ ነበር ለሰው የምንናገረው።

የገባሁ ዕለት ጥቅሌን ይዤ ከበር ቆምኩና እንደ ልማዴ፣ "ነጠላዬን የት ልስቀል?" አልኩ።  ወጥቶ ሄደ። የተቆጣ መሰለኝ። ከውጭ የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ መዶሻና ምስማር ይዞ ገባ፤ ከአልጋው ራስጌ ካለው ግድግዳ ላይ ምስማሩን መታ፤ አንዴ አውራ ጣቱን መታና በኦሮምኛ አንድ ቃል አለ፤ ትርጉሙን እስካሁን አልነገረኝም። "ይኸው" አለኝ። በዚያ ዕድሜዬ የራሴ ምስማር ኖረኝ።

ሳሬ ግን አልተቀበለኝም። ወተት ልገዛ ስመጣ ችሎኝ የነበረ ውሻ፣ ልኖር ስመጣ አልችልሽ አለ። እኔም ጥፋት አላጣሁም፤ ባደግሁበት አገር ውሻ ቤት አይገባም፤ በመጀመሪያው ጠዋት በመጥረጊያ አስወጣሁት። ለካ የባለቤቴ የፊተኛ ሚስት ካለፈች ወዲህ ከአልጋው ሥር ነበር የሚያድረው!  ሳሬ ደጅ ተኝቶ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያጉረመርምብኛል።

ጎረቤቴ፣ አጥር የምንጋራት ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ መላ ነገረችኝ። "ዳቦ በብብትሽ ይዘሽ ዋይ፤ ላብሽ ሲገባበት ስጪው። ከዚያ ወዲያ ጥላሽ ነው።" ቀኑን ሙሉ ክንዴን እንደተሰበረ ሰው አጣብቄ ዋልኩ። ባለቤቴ፣ "ሳሬ፣ እጇን አሟታል እንዴ?" ይላል። ማታ ዳቦውን ሰጠሁት። ሳሬ አሸተተው፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ በላው። በማግስቱ አጉረመረመብኝ። ባለቤቴ ነገሩን ከጎረቤቴ ሰምቶ ኖሮ፣ ወተት እያለበ ለብቻው ይስቅ ጀመር። ላሚቱ እስክትበረግግ ሳቀ። ያን ያህል ሲስቅ ያን ቀን መስማቴ ነው፤ ዳቦው ለውሻው ባይሠራ ለሌላ ሠራ።

ሳሬን የረታሁት በሁዳዴ ነው። ባለቤቴ ጾም አጥባቂ ነው። በሁዳዴ ወተቱ ለሽያጭና ለቅቤ ነው፤ ድመት እንኳ አትቀምስም። "በእኔ ቤት በጾም ወራት ውሻም ይጾማል" ይላል ለመጣ ሰው ሁሉ፣ በኩራት። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ግን ያን የተቆጣ ፊት ደረቅ ፍርፋሪ ላይ ተደፍቶ ሳየው አንጀቴ አልቻለም። ጎህ ሲቀድ በአንድ ጣሳ ትንሽ ወተት ቀድቼ ከበረቱ ጀርባ ወስጄ ሰጠሁት። በነጋታው ደገምኩ። ከዚያ ወዲያማ ሥራዬ ሆነ። ሁዳዴ እየገፋ ሲሄድ እኛ ከሳን፤ ሳሬ ግን ወፈረ። ባለቤቴ፣ "ጾም ይስማማዋል" ይላል። እኔም፣ "አዎ፣ ይስማማዋል" እላለሁ።

አንድ ጎህ ወደ በረቱ ጀርባ ስዞር ባለቤቴን አገኘሁት። እሱ ጣሳ ይዟል። እኔም ጣሳ ይዣለሁ። ሳሬ በመሀላችን ቁጭ ብሎ አንዴ የእሱን፣ አንዴ የእኔን ያያል።



"ሳሬ" አለ በመጨረሻ፣ "እኔ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር።"

"ሳሬ፣ እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር በላቸው።"

"ለንስሐ አባታችን ማን ይንገር?"

"ሳሬ ይንገር። የገደፈው እሱ ነው።"

የዚያን ጠዋት የሁለታችንንም ጣሳ ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዝ ስወርድ ከኋላዬ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ከቅጥሩ ውጭ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ኦሮምኛም የተማርኩት ከእሱ ጋር ነው ብል ውሸት የለበትም። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደሉንም የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ኦሮምኛውን ግን ባለቤቴ ለውሻው ሲናገር እየሰማሁ ለቀምኩት። "ኮቱ" ና ነው፤ "ታኢ" ተቀመጥ። ከሁሉ የምወደው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ላሞቹን ነድቶ ሲመለስ የሚለውን ነበር፤ "ሳሬ፣ መነ ገሊ!" ቤት ግባ ማለት ነው። ድስቴን ጥጄ ያን ድምፅ ስሰማ፣ የተጠራሁት እኔ የሆንኩ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው የማስተር ፕላኑ ወሬ የመጣው።

አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፤ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ልትጠቀልል ነው ተባለ። እኔ ስለዚህ ብዙ አላውቅም፤ የማውቀው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ያየሁት፣ አንድ ቀን የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው ላሞቹ የሚግጡበትን መስክ በሜትር ሲለኩ ነው። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። ባለቤቴ ችካሉ አጠገብ ሄዶ ቆመ። አልነካውም። ሳሬ ዞረው፣ አሸተተው፣ እግሩን አነሳና ሸናበት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ያቺን ሥራውን ሳይፈጽም አይውልም ነበር። ባለቤቴ በዚያ እንኳ አልሳቀም።

"ሳሬ" አለ ያን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ "አባቴ እዚህ ነው የተቀበረው። ይህን ከወሰዱት ላሞቹን የት ላሰማራቸው? አስፋልት ላይ?"

እኔ አጠገቡ ምስር እለቅማለሁ። ምን ልበል? እኔና ልጆቼ ከተማይቱ ገፍታ ወደ እሱ ደጅ ያመጣችን ሰዎች ነን። እሱ እኔን እንዲህ አላሰበኝም፤ አንድ ቀንም አልወጣውም። በእኔ ልብ ግን ጠጠር ገባ። ምስሩን መልሼ መላልሼ ለቀምኩት።

ከዚያ መንገዱ ይዘጋ ጀመር። ወጣቶቹ ፕላኑን ተቃውመው ወጡ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ተኩስ ተሰማ። በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ድንኳን ተጣለ፤ ባለቤቴ ጋቢውን ለብሶ ለቅሶ ደርሶ መጣ፤ ምሳ አልበላም። የማን ልጅ እንደሆነ ሲነግረኝ እኔም አልቻልኩም፤ ወተት ሊገዛ ይመጣ የነበረ፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ ነው። ጎረቤቴም እንደ ድሮው አትስቅም። ግን በአጥሩ በኩል ጎመን ትሰጠኛለች፣ እኔም አይብ እሰጣታለሁ፤ ያ አልተቋረጠም።

ልጄ በቀን ሦስቴ ይደውላል። "እማዬ፣ እዚያ ዳር ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ሁላችንም ቡራዩ እኅቴ ቤት ልንሰባሰብ ነው። ግቢዋ ሰፊ ነው። መንገድ በተከፈተ ሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ።"

"ቡራዩስ ሰላም ነው?"

"ሰላምማ የትም የለም። ቢያንስ አንድ ላይ እንሁን።"

በልጄ አልፈርድም። እናቱን ነው የፈራላት። ግን እኔ የምጠብቀው የእሱን ቃል አልነበረም። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ባለቤቴ ከመስክ ሲመለስ ነገርኩት፤ "ልጄ ሊወስደኝ ይመጣል" አልኩ።  ላሞቹን አሰረ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሳሬን ጆሮ፣ ያን የተቆረጠውን፣ ያሽ ጀመር።

"ሳሬ" አለ፣ "ሰው በክፉ ቀን ከልጆቹ ጋር መሆን አለበት። እሷ እዚህ ምን ዕዳ አለባት? አንድ ነገር ብትሆን ለልጆቿ ምን እላለሁ?"

ሂጂ ማለቱ ነው ብዬ ሰማሁት።  "ሳሬ" አልኩ፣ "እንዳሉ ይሁን በላቸው።"

እሱም በተራው፣ መሄዱን ፈልጋዋለች ብሎ ሰማኝ። ሁለታችንም ሽማግሌዎች፣ ሁለታችንም ክፉ ያየን፣ ሁለታችንም አንድ ውሻ ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። ለጋቢና ለወተት የለመድነው መንገድ ለዚህ አይሆንም ነበር። ቀና ብዬ፣ "ልቅር ወይስ ልሂድ? እርስዎ ምን ይወዳሉ?" ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። በነጋታው ጠዋት ጥቅሌን የሚያስርልኝን ገመድ ራሱ ፈልጎ አመጣ። ጠበቅ አድርጎ ቋጠረው፤ እንዳይፈታብኝ። እኔ ግን ልቤ፣ "እንዳትመለሺ ነው" አለኝ።

ልጄ በተዋሰው መኪና መጣ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየችን። "አንቺ፣ ወዴት ነው? እኛ ምን ሆነን ነው?" አለችኝ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። የማስታውሰው ፊቷን ነው። ሳሬ መኪናውን እስከ ወንዟ ድረስ ተከተለ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አያልፍም፤ የእሱ አገር እዚያ ነው የሚያበቃው።

ቡራዩ ልጄ ቤት ስገባ፣ "ነጠላዬን የት ልስቀል?" ልል ትከሻዬን ብዳብስ ነጠላዬ የለም። ምስማሬ ላይ ቀርቷል።

ልጆቼ ተንከባከቡኝ። የልጅ ልጆቼ ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት የሚያስደስተው እነሱን ብቻ ነው። ትንሿ ልጄ መንገድ ተዘግቶባት ከሱሉልታ መምጣት አልቻለችም፤ በስልክ ታለቅሳለች፣ እኛም እናለቅሳለን፣ ከዚያ ልጆቼ ዋይፋይ ይሠራል አይሠራም ብለው ይጨቃጨቃሉ። እኔ ሁሉ ነገር ነበረኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ጆሮዬ ሳላዝዘው ይቆማል። የሚጠራ የለም።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ደወለ። ስልክ አይወድም፤ ይጮህበታል።

"ሃሎ! ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን። እርስዎስ?"

"ደህና ነኝ!"

 በመሀላችን ሳሬ የለም፤ ወሬው ከየት ይምጣ? ትንፋሹን እሰማዋለሁ። ልጄ፣ "ተቋረጠ እንዴ?" ትለኛለች፤ እጄን አወዛወዝኩባት።

"ሳሬ እህል አልቀምስ አለ" አለኝ በመጨረሻ።

"ምን ሰጡት?"

"ፍርፋሪ።"

"በወተት ያርሱለታ!"

"ረቡዕ እኮ ነው።"

"መቼ ጾሞ ያውቃል?"

ሳቅ ሲል ሰማሁት።  "ቤት ገብቷል" አለኝ።

"ማን?"

"ሳሬ ነዋ። ከምስማርሽ ሥር ነው የሚተኛው። ነጠላሽ እዚያ ነው የቀረችው።"

"በሉ ያስወጡት! ጸጉሩ..."

"ማስወጣቱን የምታውቂበት አንቺ ነሽ" አለና ስልኩ ተዘጋ። ይዝጋው፣ ካርዱ ይለቅበት፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ያን ቀን ሙሉ ልጄ የምታቀርብልኝን ሳልነካ ዋልኩ። "እማዬ፣ አሞሻል?" ስትለኝ፣ "ነጠላዬን ረስቻለሁ" አልኳት። "እኔ እገዛልሻለሁ፤ ነጠላ ጠፍቶ ነው?" አለች። ለእሷ እንዴት ላስረዳ?

ከሁለት ቀን በኋላ መንገዱ በከፊል ተከፈተ፤ መኪና እስከ ዓለም ገና ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ሰበታ አይሄድም ተባለ። ማለዳ ጥቅሌን አነሳሁ። ልጄ በር ላይ ቆሞ እንቅፋት ሆነብኝ።

"እማዬ፣ አበድሽ? ራሱ አይደል ወደ ልጆችሽ ሂጂ ያለሽ?"

"አላለኝም። ለውሻው ነው የነገረው።"

"ምን?"

"እኔም ለውሻው ነው የመለስኩት። ሄጄ እሱን ራሱን እጠይቀዋለሁ። ሂጂ ካለኝ እመለሳለሁ።"

ልጄ ራሱን ያዘ። ግን የእናቱን እግር ያውቃል፤ ዕድሜ ልኬን ስዞር ነው ያደገው። እስከ ታክሲው ሸኘኝ፤ ጉልበቴን ሳመ፤ "ስልክሽን ክፍት አድርጊ" ብቻ አለኝ።

ዓለም ገና ወረድኩ። ባጃጅ የለም፣ ሱቅ ዝግ ነው። አስፋልቱ ላይ ሰው ብቻ ነው፤ ጎማ የተቃጠለበት ቦታ ጥቁር ክብ ሠርቷል። በእግሬ ቀጠልኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ አጠገቡ ወጣቶች ቆመዋል። ልቤ ፈራ፤ አልዋሽም። አንዱ ወደ እኔ መጣ።

"አኮ፣ ኤሳ ዴምቱ?" አለኝ። አያቴ፣ ወዴት ይሄዳሉ ማለቱ ነው።

ላስብ ጊዜ አልነበረኝም። "መነ ኮ" አልኩት።

ቤቴ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ለራሴ የተሰማኝ። ሰበታ ልጄ ቤት፣ ቡራዩ ልጄ ቤት፣ ሱሉልታ ልጄ ቤት ስል ኖርኩ እንጂ፣ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ በአማርኛም ቢሆን።

ወጣቱ ጥቅሌን ተቀብሎኝ ድንጋዩን አሻገረኝ። "ከባድ ነው፤ ምን አለበት?" አለኝ፣ አሁን በአማርኛ።

"ልጆቼ የመከሩኝ ምክር ሁሉ አለበት" አልኩት። ሳቀ፤ ሲስቅ ሕፃን ነው። ጥቅሌን ጀርባዬ ላይ አስተካክሎልኝ ተመለሰ።

ወንዟ ጋ ስደርስ እኩለ ቀን አልፏል፤ እግሬ ዝሏል። ሳሬ ድልድዩ ላይ ተኝቷል። አልዘለለም፣ አልጮኸም፤ እሱም እንደኔ ያረጀ ነው። ተነሳ፤ የቀሚሴን ጫፍ አሸተተ፤ ጀርባውን ሰጠኝና ከፊቴ ከፊቴ መራኝ። "የት ነበርሽ?" እንኳ አላለኝም።

ባለቤቴ አጥር የሚያጥር መስሎ ቆሟል፤ አጥሩ ግን ደህና ነበር። አየኝ። እንጨቱን ጣለ፤ መልሶ አነሳው። ከዚያ ወደ ውሻው አጎንብሶ፣

"ሳሬ፣ ይህቺ ሴትዮ ምን ረስታ መጣች?" አለ።

"ውሻውን ይተዉት" አልኩት። "እኔን ይጠይቁኝ። እዚህ ነኝ።"

ቀና አለ። ጥቅሌን መሬት አኖርኩና፣ "ልቅር ወይስ ልሂድ?" አልኩት። 

"እኔ... ልጆችሽ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው እኮ።"

"ልጆቼን አይደለም የጠየቅሁዎ።"

"ላሚቱም" አለ፣ "ከሄድሽ ጀምሮ ወተቷን ይዛለች።"

"ላሚቱንም ይተዉአት።"

እንጨቱን በእጁ አገላበጠው። እጁ ላይ፣ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ፣ ምስማሬን ሲመታ የጠቆረበት ምልክት ገና አልጠፋም ነበር።  ሳሬም ጉዳዩ የእሱ እንዳልሆነ ገብቶት መሰለኝ ጥሎን ወደ ጥላው ሄደ።

"ቅሪልኝ" አለኝ። "እኔ ነኝ የምልሽ።"

ቀረሁ። ስገባ ነጠላዬ ምስማሯ ላይ ናት፤ ከሥሯ ወለሉ ቡላ ጸጉር በጸጉር ሆኗል። መጥረጊያውን አነሳሁና ወለሉን ብቻ ጠረግሁ። ያን ዕለትና ከዚያ ወዲያ ሳሬን ከቤት ያስወጣው የለም።

ጎረቤቴ በአጥሩ ጎመን ሰጠችኝ። "መጣሽ?" አለች። "መጣሁ" አልኳት። ይኸው ነው የተባባልነው።

ኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ጭንቁ ግን ወዲያው አላለቀም፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ ተዘጋ ተከፈተ። ልጄ እየደወለ፣ "እማዬ፣ የት ነሽ?" ይለኛል፤ "ቤቴ ነኛ" እለዋለሁ፤ እሱም ተወኝ። ችካሉ አንድ ቀን ከቦታው ጠፋ፤ ማን እንደነቀለው አላየሁም፤ ጉድጓዱ ብቻ ቀረ። ሳሬ ጨርሶ ካረጀ በኋላም ጠዋት ጠዋት እያነከሰ እዚያ ሄዶ እግሩን ያነሳል፤ ልማድ አይደል።

ሳሬ ሲሞት ባለቤቴ የቀበረው እዚያው ነው። "ቦታውን ራሱ መርጧል" አለ። ጉድጓዱን ሲቆፍር እኔ አፈር እየዛቅሁ ረዳሁት፤ ለውሻ አይለቀስም የምትለው ጎረቤቴ መጥታ ከእኛ ይበልጥ አለቀሰች። ያን ማታ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም አጠገቡ። እንደ ልማዱ "ሳ..." ብሎ ጀመረና ቆመ፤ ወደ ባዶው ቦታ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"በርዶሻል?" አለኝ።

"በርዶኛል" አልኩት፣ ለራሱ። ጋቢውን ገልጦ አስጠጋኝ።